ዲያዚኖን በሃይላንድ፦ ቁንጫው ተመለሰ፣ ውሻዬ ለጥቂት ተረፈ

ለውሻችሁ ቁንጫ ዲያዚኖን 60 ፐርሰንት የሚባለውን ፀረ-ተባይ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ይህቺን አንብቡ። እኔ ሁለቴ ተጠቅሜበታለሁ። ከመጀመሪያው በኋላ ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ አምስት ኮከብ እሰጠው ነበር።

የምንኖረው ቢሾፍቱ ነው። ቡቺ 17 ኪሎ የሚመዝን ቡናማ የሰፈር ውሻ ነው። ዘንድሮ ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ እንቅልፍ አጣ፤ ጭራው ሥር ያለውን ጸጉር እየነከሰ መላጣ አደረገው። እኛም አልቀረልንም፣ የልጆቹ ቁርጭምጭሚት በቁንጫ ተዥጎረጎረ። በሳሙና አጠብነው፣ በማበጠሪያ ለቀምነው፣ ወይ ፍንክች። ጎረቤታችን እማማ "ላምባ ቀቢው ልጄ፣ እኛ ድሮ በዚያ ነው የምንገላገለው" አሉኝ። ላምባ ቆዳ እንደሚያቃጥል ስለማውቅ ተውኩት። እስከዚህ ድረስ ብልጥ ነበርኩ።

ከዚያ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥበት አንድ ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ከትልቁ ዕቃ ቀድቶ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሩብ ያህል ሞላልኝ። ጽሑፍ የለው፣ ቀን የለው፣ ምን የለው።

"እህቴ፣ አንድ ክዳን ለአንድ ባልዲ።"

"የምን ክዳን?"

"የሃይላንዱን።"

"ባልዲውስ ስንት ሊትር?"

"ያው ባልዲ ነዋ!"

ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይበልጥም። ይህንንም እንደ መልካም ጎን ቆጠርኩለት።

ውሃው ላይ ጠብ ሲል ባልዲው ሙሉ ወተት መሰለ። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ከአንገቱ ወደ ታች አፈሰስኩበት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቁንጫው ይረግፍ ጀመር፤ ሲሚንቶው ላይ ኑግ የተደፋ ነው የሚመስለው። ያን ሌሊት ቡቺ አንዴም ሳያክ አደረ፣ እኔም በነጋታው ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ።

በዘጠነኛው ቀን ማከክ ጀመረ።

መድኃኒቱ አንሶት ነው አልኩ። በአሥረኛው ቀን ሦስት ክዳን ጨመርኩ፣ ባልዲውን ደግሞ እስከ ግማሽ ብቻ ሞላሁት። ስድስት እጥፍ ማለት ነው። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ግን በኋላ ነው፣ ባጃጅ ውስጥ።

አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ለሃጩ ይዝረከረክ ጀመር። ልሶት ይሆናል ብዬ አፉን አጠብኩት። ከዚያ የጭኑ ሥጋ ከቆዳው ሥር ለብቻው ይርገፈገፍ ጀመር። አስታወከ። ልነሳ ሲል የኋላ እግሮቹ ከዱት። ዓይኑን ገልጬ ሳየው ብሌኑ የመርፌ ቀዳዳ አክላለች።

ያገኘኋቸው የእንስሳት ሐኪም ሽማግሌ ናቸው። ገና ከበሩ አሸተቱትና "ዲያዚኖን ነው አይደል?" አሉኝ። አትሮፒን የሚባል ማርከሻ ወጉት፣ ጓንት አጥልቀው በሳሙና ደጋግመው አጠቡት። እኔንም "እስከ ክርንሽ ታጠቢ" አሉኝ፤ ለካ በባዶ እጄ ነበር ያጠብኩት።

ቡቺ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሳለ ያስረዱኝ ነገር ይህ ነው። ዲያዚኖን ኦርጋኖፎስፌት ከሚባሉት የተባይ መርዞች ነው፣ ለበግና ለከብት ነው የሚታወቀው። ነርቭ ጡንቻን የሚያዝበት አሴቲልኮሊን የሚባል ነገር አለ፤ ትእዛዙ ሲደርስ ደግሞ እሱን የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ። ኬሚካሉ ያንን ኢንዛይም ያስረዋል፣ ትእዛዙም ማቆሚያ ያጣል። ለሃጩም መርገፍገፉም የመጣው ከዚያ ነው። ኢንዛይሙ ቶሎ ስለማይተካ፣ የመጀመሪያው እጥበት ጉዳት ሳይሽር ነው ሁለተኛውን የደረብኩበት። "የቁንጫም፣ የቡቺም፣ ያንቺም ነርቭ ሥራው አንድ ነው ልጄ" አሉኝ። አሜሪካኖቹ ዲያዚኖንን ለመኖሪያ ቤት ግቢ መሸጥ ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2004 መሆኑን በኋላ አነበብኩ።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። "የት ነው የሚተኛው?" አሉኝ። በረንዳ ላይ፣ ጆንያ ላይ። "ጆንያውን ምን አደረግሽው?" ምንም። ውሻው ላይ የምናየው ጎልማሳ ቁንጫ ከጠቅላላው 5 በመቶ ገደማ ነው አሉ። ቀሪው እንቁላል፣ እጭ፣ እንዲሁም ድር መሰል ሽፋን ውስጥ የተጠቀለለ ሆኖ መኝታው ውስጥና የወለል ስንጥቅ ውስጥ ነው ያለው። አንዲት ሴት ቁንጫ በቀን እስከ 40 እና 50 እንቁላል ትጥላለች፣ እንቁላሉም ከጸጉሩ ላይ ይንሸራተታል። የተጠቀለለው ደግሞ መድኃኒት አይደፍረውም፤ ሙቀትና ንዝረት እስኪሰማው ወራት ይጠብቃል። እኔ ውሻዬን ስድስት እጥፍ መርዝ ሳጠጣ ጆንያው ጠብታ አልነካውም።

አሁን የምጠቀመው ፊፕሮኒል የሚባል የቁንጫ ጠብታ ነው፣ በወር አንዴ። የቡቺ ልክ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የሚለው ነው። በሁለቱ ትከሻዎቹ መሃል ጸጉሩን ከፍላችሁ ቆዳው ላይ ትጨምቁታላችሁ፤ ከሁለት ቀን በፊትም ሆነ እስከ ሁለት ቀን በኋላ አይታጠብም። እንደ ዲያዚኖኑ ዓይናችሁ እያየ አይረግፍም፣ አንድ ቀን ይፈልጋል። ዋጋው የሃይላንዱን ሰባት እጥፍ ነው፤ አንዳንዴም ይጠፋል፣ እህቴ ከዱባይ ስትመጣ ሦስት አስይዣታለሁ። ጥንቸል ያላችሁ ግን ፊፕሮኒልን ጥንቸላችሁ ላይ እንዳታደርጉት፣ ሊገድላት ይችላል። ከእኔ አራት ኮከብ፣ አንዱን ለዋጋው ቀነስኩ።

ጆንያውን አቃጠልኩት። በምትኩ አሮጌ ጋቢ አነጠፍኩለት፤ በየሳምንቱ በፈላ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እንዲያም ሆኖ የመጨረሻዋን ቁንጫ ያየሁት ከሰባት ሳምንት በኋላ ነው። ቡቺ ድኗል፣ ባልዲ ሲያይ ግን አሁንም አልጋ ሥር ይገባል።

የተረፈውን ሃይላንድ ልጆቹ ውሃ ብለው እንዳይጠጡት ፈርቼ ወደ ሱቁ መለስኩት። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። "በጣም አብዝተሽው ነው እንጂ እሱስ ጥሩ ነው" አለና ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው።