ለልጄ የሂሳብ አስጠኚ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ይህን ጽሁፍ ልጽፈው ካሰብኩ ሁለት ወር አልፎኛል። ፈተናው ይለፍ፣ ውጤቱ ይምጣ እያልኩ ነው ያቆየሁት። ውጤቱ መጣ። አሁን ልመስክር።

ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ሌላው ትምህርት ላይ ደህና ናት፤ ሂሳብ ሲባል ግን ፊቷ ይጠቁራል። አምና አንድ አስጠኚ ቀጥረንላት ነበር። ደብተሯን ብታዩት ያስቀናል፣ አንድ ስህተት የለበትም። ፈተና ስትቀመጥ ግን ባዶ። ለካስ የቤት ሥራውን የሚሠራው እሱ ኖሯል፤ እሷ ትገለብጣለች፣ እኔ እከፍላለሁ። ደብተር አይቼ መርካቴ የእኔም ጥፋት ነው።

የአሁኗን መምህርት ያገኘኋት በሰው በሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ ትከፍታለች ብዬ ስጠብቅ፣ "ያለፈ የፈተና ወረቀት አላችሁ?" አለች። ቀይ ብዕር የበዛበትን መርጣ 20 ደቂቃ ያህል ዝም ብላ አነበበች። እውነት ለመናገር፣ በሰዓት እየከፈልኩ ዝም ስትል ቅር ብሎኝ ነበር።

ከዚያ አንዱን ስህተት አወጣች። ልጄ (ኤክስ + 3) በካሬ ሲሆን መልሱ ኤክስ ካሬ + 9 ነው ብላ ጽፋለች። እኔም ብጠየቅ ያንኑ ነበር የምጽፈው። መምህርቷ "ተሳስተሻል" አላለችም። "እስኪ በኤክስ ቦታ 1 አስገቢ" አለቻት። በአንድ በኩል 4 በካሬ፣ 16። በሌላ በኩል 1 ሲደመር 9፣ 10። "6ቱ የት ገባ?" ልጄ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።

መቀስና ወረቀት መጣ። ጎኑ ኤክስ + 3 የሆነ ካሬ ተቆረጠ፤ እሱም መልሶ ለአራት ተከፈለ። ኤክስ በኤክስ የሆነ ትልቅ ካሬ፣ 3 በ3 የሆነ ትንሽ ካሬ፣ 3 በኤክስ የሆኑ ሁለት ረዘም ያሉ ቁራጮች። "አሁን አንቺ የጻፍሽውን ብቻ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ" አለቻት። ልጄ ትልቁንና ትንሹን ካሬ አስቀመጠች። ሁለቱ ቁራጮች እጇ ላይ ቀሩ። እጇን አየች፣ ጠረጴዛውን አየች፣ ሳቀች። "ውይ፣ 6 ኤክስ ረስቻለሁ!" ከዚያ ወዲህ ያን መሃለኛውን ስትዘለው አላየሁም።

አልጀብራን በጂኦሜትሪ ማሳየት የራሷ የመምህርቷ ፈጠራ መስሎኝ ነበር። ያረመችኝ እሷው ናት። አልጀብራ የሚለው ስም የመጣው የሂሳብ ሊቁ አል-ኸዋሪዝሚ በ9ኛው ክፍለ ዘመን በዓረብኛ ከጻፈው መጽሐፍ ርዕስ ነው። ሰውየውም ቢሆን ዘዴው ትክክል መሆኑን ያሳየው ካሬ እየሳለ ነበር። "አል-ጀብር" ማለት መጠገን፣ ወደ ቦታ መመለስ ነው፤ የተሰበረ አጥንት ማቃናትም በዚሁ ቃል ይጠራል። ልጄ ይህን ስትሰማ "እና ቲቸር ወጌሻ ናት ማለት ነዋ!" አለች። ስሙ እኛ ቤት ጸድቋል።

አንድ የከለከለችው ቃል አለ፦ "ይሻገራል"። ሁላችንም "ወዲያ ማዶ ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል" ብለን ነው የተማርነው። ልጄም 2 ኤክስ = 8 ላይ ስትደርስ 2ን አሻግራ፣ ምልክቱን ቀይራ፣ ኤክስ = −4 ትላለች። ደንቡን አክብራ ነው የተሳሳተችው! አሁን እያንዳንዱ መስመር ጎን "ሁለቱንም ወገን ለ2 አካፈልኩ" ብላ በቃላት ትጽፋለች። ያንዛዛል። ግን ስህተቱ ቆመ።

ጂኦሜትሪው ላይ ደግሞ የሦስት ማዕዘን ሦስቱን ማዕዘኖች ቀደው ጎን ለጎን ሲገጥሟቸው ቀጥ ያለ መስመር ሠሩ፣ 180 ዲግሪ። ልጄ ጨረስን ብላ ደብተሯን ልትዘጋ ነው። መምህርቷ "ይህ ያየነው አንዱን ወረቀት ነው። የቀረውን ሦስት ማዕዘን ሁሉ ልትቀጂ ነው?" አለቻት። ከዚያ በጫፉ በኩል ከታችኛው ጎን ጋር ትይዩ መስመር አሰመረችና እስክሪብቶውን ሰጠቻት። እኩል የሆኑትን ማዕዘኖች ፈልጋ ምልክት ያደረገችው ልጄ ናት። ማሳየትና ማረጋገጥ እንደሚለያዩ ያኔ ነው የገባኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ።

እንከኗንም ልንገራችሁ። አንዳንዴ ሩብ ሰዓት ታረፍዳለች። ቀስ ብላ ነው የምትሄደው፤ በመጀመሪያው ወር የልጄ ውጤት ንቅንቅ አላለም፣ እኔም ላሰናብታት ዳር ደርሼ ነበር። ነገ ፈተና አለ፣ ፎርሙላ አስሸምድጂልኝ ለሚል ወላጅ አትሆንም። ልጄ ግን ከ100 43 ታመጣ የነበረችው አሁን 71 አምጥታለች። ከ71ዱ በላይ ያስደሰተኝ ደግሞ የተሳሳተችባቸውን ጥያቄዎች ማታ ቁጭ ብላ ማንም ሳያዛት መልሳ መሥራቷ ነው።

መምህርት፣ ይህን ካነበብሽው እግዜር ይስጥልኝ። ያን ቀን ፊቴ ተኮሳትሮ ከነበረም ይቅርታ።

አሁን ለሁለት ተማሪዎች የሚሆን ጊዜ እንዳላት ነግራኛለች፤ ከሰባተኛ እስከ አስረኛ ክፍል። ስልኳን እዚህ አልለጥፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። እስከዚያ ልጃችሁ የወደቀበትን የፈተና ወረቀት እንዳትጥሉት፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።