ኤችፒ5 ፕላስ በአዳማ ሙቀት

አዳማ ሆናችሁ በጥቁርና ነጭ ፊልም ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ ኢልፎርድ ኤችፒ5 ፕላስን ግዙ። ለብርሃን ያለው ስሜት (አይኤስኦ) 400 ስለሆነ ቀን ገበያ ውስጥም፣ አመሻሽ ላይ ባጃጅ ተራም ይበቃችኋል። የኔው ሮል ተነስቶ ካለቀ በኋላ ወራት ቆይቶ ነው የታጠበው፣ ግን ያኔ ሁሉ ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ኔጋቲቩን ወደ መስኮት ይዤ ሳየው የጋሪው ፈረስ ጋማ ፀጉር በፀጉር ይለያል። በጣም ደስ ይላል!

የተነሳ ፊልም መኪና ውስጥ እንዳትተዉ በናታችሁ። ፊልሙ ላይ ያረፈው ምስል እስኪታጠብ ድረስ ቀስ በቀስ ይደበዝዛል፤ ሙቀትና እርጥበት ደግሞ ያፋጥኑታል። ስለዚህ ቶሎ ማጠብ ነው። ካልተቻለ አየር በማያስገባ ዕቃ አሽጋችሁ ፍሪጅ ክተቱት፣ ስታወጡት ደግሞ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ሳትከፍቱ ጠብቁ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል።

እኔ የማጥበው በኮዳክ ዲ-76 ነው፣ ምስሉን በሚያወጣው ኬሚካል (ዴቨሎፐር)፤ ከተበጠበጠ በኋላ ተጨማሪ ውሃ ሳይጨመርበት፣ በ20 ዲግሪ፣ 7 ደቂቃ ተኩል። ችግሩ የአዳማ ውሃ ነው፣ በተለይ ከሰዓት ከሮቶ የሚወርደው ለብ ያለ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፦ የዴቨሎፐሩን ጠርሙስ በረዶ ያለበት ሳፋ ውስጥ አቁሙት፣ ቴርሞሜትር እያያችሁ። በረዶውን ኬሚካሉ ውስጥ እንዳትጨምሩ ብቻ፣ ይቀጥንባችኋል። ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል (ፊክሰሩ) እና የመጨረሻው ማለቅለቂያ ውሃም ከዚያው ሙቀት ብዙ አይራቁ።

ቅር የሚለኝ አገኛኘቱ ነው። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካልተገኘ ሮሉን እየቆጠቡ ማንሳት ግድ ይላል።