ስምንት ወር በደብረ ብርሃን ንፋስ የቆመ አንቴና

የአጎቴ ልጅ የካቲት ላይ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። በ40፣ በ20፣ በ15 እና በ10 ሜትር ባንድ (የሞገድ ርዝመት ክልል) የሚሠራ፣ ቀጥ ብሎ የሚቆም የአሉሚኒየም አንቴና ነው፤ በትርፍ ጊዜዬ ከሩቅ ሰዎች ጋር ለምነጋገርበት የአማተር ሬዲዮ። ትራፕ አለው፤ አንዱን ዘንግ ለብዙ ባንድ እንዲያገለግል የሚያደርግ መጠምጠሚያ ማለት ነው። ቁመቱ ከሰባት ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ጎረቤቶቼ “መብረቅ ሊጠራብን ነው” ብለው ነበር። አልፈርድባቸውም፤ ደመና ሲጠቁር ኬብሉን ነቅዬ ውጭ እጥለዋለሁ።

መጀመሪያ ከአንቴናው ሥር ተነስተው መሬት ላይ ከሚዘረጉት የመሬት ሽቦዎች አራት ብቻ ዘረጋሁ። በ40 ሜትር ኤስደብሊውአሩ (ከተላከው ኃይል ምን ያህሉ ከአንቴናው ተመልሶ እንደሚመጣ የሚጠቁመው ቁጥር፤ 1 ከሆነ የሚመለስ የለም) 1.1 አሳየ። አለቀ አልኩ። ግን እኔ ጥርት አድርጌ የምሰማቸው ሰዎች እኔን አይሰሙኝም።

ቆይቶ ነው የገባኝ። እንዲህ ያለ አንቴና ጥሩ መሬት ካገኘ መግቢያው ላይ ያለው ሬዚስታንስ ከ36 ኦም አይበልጥም። ኤስደብሊውአሩ 1.1 ያለው ግን የኬብሉን 50 ኦም ስለተጠጋ ነው፤ ታዲያ 50ው ከየት መጣ? የጎደለውን የሞላልኝ ድንጋያማው አፈራችን ነው። ከምልከው ኃይል ሩብ የሚበልጠውን የእናቴ የጎመን መደብ ሲሞቀው ከርሟል!

ሽቦዎቹን 32 አደረስኳቸው፣ እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ሜትር። ኤስደብሊውአሩ ወደ 1.5 ወጣ። ጓደኛዬ “በቃ አበላሸኸው” አለኝ። የዚያን ዕለት ማታ ግን በመጀመሪያው ጥሪ መልስ አገኘሁ። በጎቹ እግራቸው እየተጠለፈ ሁለቴ በጠሱብኝ፤ በታጠፈ ሽቦ መሬት ላይ ቸነከርኩት፣ ሐምሌ ላይ ሳሩ ዋጠው።

በኬብሉ ላይ ላዩን ወደ ቤት የሚመለሰውን የሬዲዮ ኃይል እንዲያግድልኝ ኬብሉን አንቴናው ሥር በፌራይት (የማግኔት ባሕርይ ባለው ሸክላ መሰል) ቀለበት ስምንት ዙር አሳልፌዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ማይኩ ከንፈሬን መንዘር ተወ።

ነሐሴ ላይ ደግሞ ሁሉም ባንድ 1.2 ሆነ። በ40 ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ሲሉ የሚያኮርፍ አንቴና እንዴት ድንገት ጨዋ ሆነ? የኬብሉን ማገናኛ ስፈታው ውሃ ጠብ አለ። መዳቡ አረንጓዴ ለብሷል። የረጠበው ኬብል የምልከውንም ተመልሶ የሚመጣውንም ይበላል፤ መለኪያው ጋ የሚደርስ ነገር ስለሌለ ቁጥሩ ያምራል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በናስትሮ ብቻ ጠቅልዬ ትቼው ነበር። አሁን ከሥር የጎማ ቴፕ አለው።

ንፋሱን በሦስት የናይለን ገመድ ችሎታል። ብሎኖቹ ግን ዝገዋል፣ በማይዝግ ቀየርኳቸው።

ለሩቅ አገር እመክረዋለሁ፤ አውሮፓ ማታ ማታ እንደ ጎረቤት ነው። 130 ኪሎ ሜትር ላይ ያለችው አዲስ አበባ ግን አትሰማኝም፣ ምክንያቱም ሞገዱን ወደ አድማስ ዝቅ አድርጎ ነው የሚልከው። ለእሷ ሽቅብ ወጥቶ የሚመለስ ሞገድ ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ከባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ በአራት ሜትር ከፍታ የወጠርኩት ተራ ሽቦ ይህን አንቴና ይበልጠዋል።