ፓስወርድ ያልሰጠሁት ሃርድ ዲስክ ቆለፈብኝ

ይህን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ የገዛሁት ጥቅምት ላይ ነው። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ስለሆነ የጥር ሰርግ ሳይገባ ቦታ ማስፋት ነበረብኝ። 2 ቴራባይት ነው፤ ኪስ ይገባል። ሻጩ ካርቶኑን አዙሮ «እህቴ፣ ይሄ እኮ ሴኩሪቲም አለው» አለኝ። እውነትም 256 ቢት ኢንክሪፕሽን (ፋይልን በምስጢር ኮድ መቆለፍ) የሚል ተጽፎበታል። ደስ ብሎኝ ገዛሁ። ፓስወርድ ማስገባቱን ግን «በኋላ እደርስበታለሁ» ብዬ ተውኩት።

ስምንት ወር በደንብ ሠራ። ኮምፒውተሬ ላይ 1.81 ቴራባይት ብሎ ሲመጣ የተሸወድኩ መስሎኝ ነበር፤ አምራቹ በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው እንጂ የጎደለ ነገር የለም።

ሰኔ ላይ የኬብሉ መሰኪያ ላላ። ለሁለት ቀን ኬብሉን በእጄ ደግፌ ሠራሁ። እንዲህ የምታደርጉ ካላችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። በሦስተኛው ቀን መሰኪያው ከቦርዱ ተነቅሎ ከኬብሉ ጋር ወጣ። ውስጡ የአራት ሰርግ ቀረጻ አለ። ሦስቱን አስረክቤአለሁ። አራተኛው የግንቦት ሰርግ ነው፤ ገና አልተነካም። የካሜራውን ካርድ ደግሞ ለቀጣዩ ሰርግ ፎርማት አድርጌዋለሁ።

መሰኪያ ነው የተሰበረው፣ ዲስኩ ደህና ነው ብዬ መገናኛ አካባቢ አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። ሽፋኑን ከፈተ። ትንሿን የዩኤስቢ ቦርድ ነቅሎ ዲስኩን ሳታ በሚባለው የውስጥ ዲስክ ኬብል በቀጥታ ከዴስክቶፑ ጋር አገናኘው። ዲስኩ ዞረ፣ ድምፁም ጤነኛ ነው። ኮምፒውተሩ ግን እንደ ባዶ ዲስክ ቆጥሮት «ኢኒሻላይዝ ይደረግ?» ብሎ ጠየቀ፤ እንደ አዲስ ዲስክ ላዘጋጀው ወይ ማለቱ ነው። ልጁ ከመዳፊቱ ላይ እጁን አነሳ። «ይሄ ኢንክሪፕትድ ነው፤ ፓስወርዱ ስንት ነው?» አለኝ። ምንም ፓስወርድ የለውም አልኩት።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። በእንዲህ ዓይነት ዲስኮች ቦርዱ ላይ ያለው ቺፕ ፓስወርድ ሰጠሽው አልሰጠሽው የሚጻፈውን ሁሉ እየመሰጠረ ነው የሚጽፈው። መፍቻው ደግሞ ያለዚያ ቦርድ አይሠራም። ቦርዱ ካለ ፋይሉ ይከፈታል፤ ቦርዱ ከሌለ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ትርጉም የሌለው ቁጥር ነው። ተመሳሳይ ሞዴል ገዝተሽ ቦርዱን ብትገጥሚበትም ይከፍተዋል ብለሽ መተማመን አትችይም።

እስቲ አስቡት። ሌባ ዲስኩን ከቦርሳዬ ቢወስደው ኬብል ሰክቶ ሁሉንም ያየው ነበር፤ ፓስወርድ የለውማ። እኔ ባለቤቷ ግን በተሰበረች አንዲት መሰኪያ ምክንያት ከገዛ ሥራዬ ውጭ ቀረሁ። ለሌባ ክፍት የሆነ፣ በባለቤቱ ላይ ብቻ የሚዘጋ ቁልፍ ምን ዓይነት ሴኩሪቲ ነው? ሻጩን በአእምሮዬ ስንት ቀን ተከራከርኩት። «ሴኩሪቲ አለው» ስትለኝ «ፓስወርድ ካላስገባሽ አይጠብቅሽም፣ ቦርዱ ከሞተም ፋይልሽ አብሮ ይሄዳል» ማለት ነበረብህ። ስደውልለት ያለኝ «አምጪው፣ በአዲስ እንቀይርልሻለን» ነው። ወንድሜ፣ አዲሱ ዲስክ ውስጥ የግንቦቱ ሰርግ የለም!

የሙሽራዋ እናት በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ደወሉ። «ልጄ፣ አደራ፣ የመልሱ ቀን እንዳይጎድል» አሉኝ። ምን ልበላቸው? ሊያልቅ ነው አልኩ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ያዳነኝ ጠጋኙ ነው። የነቀለውን ቦርድ መልሶ ገጠመና አዲስ መሰኪያ በማይክሮስኮፕ እያየ በየደው። ግማሽ ቀን ፈጀበት። ስንሰካው 1.81 ቴራባይት ብሎ ብቅ አለ። እዚያው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ገለበጥኩ። ቦርዱ ራሱ ተቃጥሎ ቢሆን ግን እሱም ምንም እንደማያደርግልኝ ነግሮኛል።

ስለዚህ ይህን ዲስክ አልመክረውም። ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ አይሞቅም፤ ግን አላምነውም። አሁን ባዶ ሃርድ ዲስክና ኢንክሪፕሽን የሌለው ተራ ኬዝ ለየብቻ ነው የምገዛው። ሁለት ዲስክ አለኝ፤ አንዱ ቤቴ፣ አንዱ እህቴ ቤት። ካርድ ፎርማት የማደርገው ሁለቱም ላይ ከገለበጥኩ በኋላ ነው። የምቆልፈው ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ ፕሮ የራሱ መቆለፊያ ነው። ፓስወርዱ ቢጠፋ የሚከፍተው ባለ 48 አሃዝ መፍቻ በእጄ አለ፤ አትሜ አንዱን ወረቀት እህቴ ጋ አስቀምጫለሁ።

አዲሱን ዲስክ ሥራ ሳልጭንበት መጀመሪያ ያንኑ ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። አንድ ፋይል ብቻ ጽፈንበት ከኬዙ አወጣነው፣ በቀጥታ ዴስክቶፑ ላይ ሰካነው። 48ቱን አሃዝ ከወረቀቱ እያየሁ አስገባሁ። ተከፈተ። የግንቦቱን ሰርግ ወደዚህ አዲስ ዲስክ የገለበጥኩት ያን ቀን ማታ ነው።