ጣና ላይ ጀልባ ያላችሁ፣ «የዛጎል መከላከያ» የሚባለውን ሳጥን እንዳትገዙ

ጎንደር፣ ቆላ ድባ፣ ጎርጎራ ያላችሁ የሞተር ጀልባ ባለቤቶች ይህን አንብቡልኝ። በተለይ ገና ጀልባ ልትገዙ ገንዘብ የምታጠራቅሙ። 46 ሺህ ብር ከፍዬ ለሐይቃችን የማይሆን ዕቃ ገዛሁ። በሱ ተማምኜ ሞተሬን አቃጠልኩ። ከሁሉም የከፋው ግን 11 ሰው ጭኜ ሐይቅ መሃል መቆሜ ነው።

ዕቃው ትንሽ ሳጥን ነው። ከ12 ቮልት ባትሪ ጋር ይገናኛል። ሁለት ሽቦ ይወጣለትና አውራ ጣት በሚያህሉ ሁለት የመዳብ ዘንጎች ላይ ይታሰራል። ዘንጎቹ የሚገቡት ሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ በሚስብበት መስመር ላይ ያለችው ወንፊት ውስጥ ነው። ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ፤ የአንድ ትልቅ መርከብ ውሃ መሳቢያ በዛጎል ታፍኖ ሰው በመዶሻ ሲፈልጠው ይታያል። «ያንተም ጀልባ ሆድ ውስጥ ያለው ይሄው ነው፣ አታየውም እንጂ» አለኝ። ደነገጥኩ። ጀልባዋ የኔ ብቻ አይደለችም፣ ሦስት ወንድማማቾች ለዓመታት አጠራቅመን የገዛናት ናት።

በደረሰኝ 50 ሺህ፣ ያለ ደረሰኝ 46 ሺህ አለኝ። ያለ ደረሰኝ ወሰድኩ። ለ4 ሺህ ብር ብዬ መብቴን እዚያው ሱቁ ውስጥ ትቼው ወጣሁ። ከዚያ በኋላ የትም ብሄድ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ደረሰኝህ የታለ?» ነው።

አሁን ልብ በሉ። ዕቃው ራሱ ውሸት አይደለም፣ ይሠራል። የሚሠራው ግን ባህር ላይ ነው። ምጽዋም በሉት ጅቡቲ፣ ባህሩ ላይ ድንጋይና መርከብ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ዛጎል ያላቸው ትንንሽ እንስሳት አሉ። እጮቻቸው በዓይን አይታዩም። ከሚሳበው ውሃ ጋር ይገቡና ቱቦው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ፣ እዚያው ያድጋሉ፣ ዛጎል ይሠራሉ፤ ቱቦው እየጠበበ ይሄድና ሞተሩ ውሃ ያጣል። መርከቦች ይህን ለመከላከል በመዳብ ዘንግ ላይ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ። መዳቡ በጣም በትንሹ ውሃው ውስጥ ይሟሟል፣ እጮቹም መዳብ ያለበት ቦታ መለጠፍ አይሆንላቸውም። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ባህር ላይ።

ጣና ግን ጨው የለውም። እነዚያ የቪዲዮው ፍጥረቶች ያለ ጨው ውሃ አይኖሩም፣ ስለዚህ እዚህ የሚከላከሉት ነገር ራሱ የለም። ሌላም አለ። ኤሌክትሪክ በጨው ውሃ ውስጥ በደንብ ያልፋል፣ እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውሃ ግን በጣም ይዳከማል። ሐምሌ ላይ የገጠምኳቸውን ዘንጎች ኅዳር ላይ ሳወጣቸው ከትንሽ መጥቆር በቀር ሲገዙ እንደነበሩ ናቸው። ባህር ላይ ቢሆን አራት ወር ሙሉ እየሟሟ ሲቀጥን ይታይ ነበር። ባትሪዬን ግን ሲበላ ከርሟል።

እኛን የሚያፍነን ሌላ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፣ ጣና ላይ መታየቱ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ከላይ የሚያምር ሐምራዊ አበባ፣ ከታች እንደ ፀጉር የተንዠረገገ ሥር። ሥሩ እየተበጠሰ ከጀልባው ሆድ ሥር ይሄድና መሳቢያው አፍ ላይ ይጠመጠማል። ይህን ሺህ የመዳብ ዘንግ አይመልሰውም፣ ምክንያቱም እምቦጭ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አያድግም፣ ተስቦ ነው የሚገባው። ክረምት አልፎ ጥቅምትና ኅዳር ሲሆን ነፋሱ እየገፋ ወደኛ ዳርቻ ያመጣዋል። በዚያ ላይ የመገጭ ወንዝ ደለል አለ። በዚያ ላይ ፌስታል።

የሆነውን ልንገራችሁ። ኅዳር 6 ነው፣ ለሥላሴ ዋዜማ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩትን ናርጋ ሥላሴን ሊሳለሙ ከጎርጎራ የተነሡ መንገደኞች ጫንኩ፣ ሁለቱ በዱላ የሚሄዱ እናቶች ናቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከመነሣቴ በፊት ወንፊቷን ከፍቼ አያለሁ። ያን ቀን አልከፈትኩም፣ ሳጥኑ ላይ አረንጓዴ መብራት በርታለች፣ «ይሠራል» ብዬ። አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን የጭስ ማውጫው ድምፅ ተለወጠ። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ውሃ ቀርቶ ደረቅ እንፋሎት ብቻ ይተፋል። የሙቀት መለኪያውን ዞር ብዬ ሳይ ቀዩ ላይ ነው። አጠፋሁት፣ ግን ዘግይቻለሁ። ከኋላ ነፋስ፣ ከፊት የእምቦጭ ምንጣፍ። እናቶቹ «ሥላሴ አውጡን» ሲሉ እኔ ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ።

ያወጡን ዓሣ ጭነው የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ገመድ ወረወሩልን፣ ጎትተው ዳር አደረሱን። ወንፊቷን ስከፍት ከዘንጎቹ ጋር የተጠመጠመ የእምቦጭ ሥር እንደ ሹሩባ ሆኖ ወጣ። ይህን አስቡት፤ ዘንጎቹ ራሳቸው አረሙን የሚይዝ መንጠቆ ሆነውልኛል። «አያ፣ ይሄ እንዳይደፈን ነበር እኮ የገዛሁት» አልኳቸው። አዩት። «ልጄ፣ አረም በእጅ ነው የሚነቀል» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም፣ ነዳጅ ልክፈልዎ ብላቸውም እምቢ አሉ።

ሞተሩ ሲፈታ የውሃ ፓምፑ ውስጥ ያለው ጎማ ተበጣጥሷል። ይህ ጎማ የሚለሰልሰው በውሃ ነው፣ ለጥቂት ደቂቃ በደረቁ ከዞረ አለቀለት። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ጋስኬት ተቃጥሏል፣ ቴስታታውም ጠሞ ቶርኖ ቤት ሄዶ ተላገ። ለጥገና ያወጣሁት ለሳጥኑ ከከፈልኩት ይበልጣል።

ሻጩ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። «አገጣጠምህ ነው ችግሩ» አለኝ። ከዚያ ሳያፍር ሌላ ልሸጥልህ አለ፣ ከጀልባው ሆድ ሥር የሚቀባ መዳብ ያለበት ቀለም። ይህን በተለይ ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ያላችሁ ስሙኝ። የሞተራችሁ እግር አልሙኒየም ነው። መዳብና አልሙኒየም ውሃ ውስጥ ከተነካኩ አልሙኒየሙ ይበላል። ያን ቀለም ሞተሩ እግር ላይ ቀብታችሁ ብትሄዱ የምትከላከሉት ነገር የለም፣ የምታበላሹት ግን አለ። ዝገት እንዲከላከል የሚታሰረውን የዚንክ ቁራጭም እንዲሁ ለባህር ነው የሚሸጡላችሁ፤ እንደ ጣና ባለ ጨው አልባ ውሃ ላይ የሚሻለው ማግኒዚየም ነው፣ እሱን ጠይቁ።

ገንዘባችሁን የት አውሉት ካላችሁኝ፣ እኔ አሁን ያደረግሁት ይህን ነው። በመሳቢያው አፍ ላይ ከውጭ ቀዳዳ ያለው ሰፋ ያለ የብረት ሳህን አስበየድኩ። ቀዳዳዎቹ ሲደመሩ ስፋታቸው ከቱቦው አፍ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው፣ አንዱ ቢደፈን ሌላው እንዲስብ። የውስጧን ወንፊት በየጉዞው እከፍታለሁ፣ መጀመሪያ ከሐይቁ ውሃ የሚያስገባውን ቫልቭ ዘግቼ፤ ቫልቩን ሳትዘጉ ከከፈታችሁ ሐይቁ ጀልባ ውስጥ ይገባል። የፓምፕ ጎማ ትርፍ ይዤ ነው የምወጣው። አሮጌው ተበጣጥሶ ከወጣ ቁርጥራጮቹን ቆጥራችሁ ሰብስቡ፣ የጎደለው ማቀዝቀዣው ቀጫጭን ቱቦ ውስጥ ገብቶ ተወትፏል ማለት ነው። የጭስ ማውጫው ሲግል የሚጮህ ማንቂያም ገጠምኩ፣ ከሳጥኑ እጅግ በሚያንስ ዋጋ። እምቦጭ ከፊቴ ካየሁ በላዩ አልሄድም፣ ዞሬ እሄዳለሁ። መውጫ ካጣሁ ሞተር አጥፍቼ በመቅዘፊያ።

ከሁሉ በላይ ግን ከኋላ የሚወጣውን ውሃ እዩ። ሞተር ሲነሣ እዩ፣ እየሄዳችሁ ዞር እያላችሁ እዩ። ከቀጠነ ወይም ከቆመ ወዲያው አጥፉ፣ መለኪያው ቀይ እስኪሆን አትጠብቁ።

ሻጩ አሁን ጎርጎራ ድረስ እየወረደ ለአዳዲሶቹ ባለ ጀልባዎች ያንኑ ቪዲዮ እያሳየ እንደሆነ ከሁለት ልጆች ሰምቻለሁ። አንዱ ቀብድ ከፍሏል። ቅዳሜ ጠዋት ጎርጎራ ነኝ፣ አራት ወር ውሃ ውስጥ ቆይተው ያልቀጠኑትን ዘንጎች ይዣቸው እመጣለሁ። ከመክፈላችሁ በፊት በእጃችሁ ይዛችሁ እዩዋቸው።