ፖድካስታችሁን የት ትጭኑታላችሁ? ጅማ ላይ ለሚጀምሩ ሰዎች የተዘጋጀ ንጽጽር

ፖድካስት ሊጀምር ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ማይክ ነው። ስለ ማይኩ ብዙ አትጨነቁ። ደህና ስልክ፣ ምንጣፍና መጋረጃ ያለው ክፍል፣ እንዲሁም የጎረቤት ጄኔሬተር የማይጮህበት ሰዓት ካገኛችሁ ለጅምር ይበቃል። ከባዱ ምርጫ ከቀረጻው በኋላ ነው የሚመጣው። ድምፁ የት ይጫናል? ሰው እንዴት ያገኘዋል? ገንዘብ የሚወጣ ከሆነስ ለየትኛው?

ብዙ ሰው ሁለት ነገሮችን ያምታታል። አንዱ ፋይሉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፣ ሆስቲንግ የሚባለው። ሌላው አድማጭ የሚገኝበት ቦታ ነው። ሕርማታ ገበያ የወጣ ነጋዴ ዕቃውን ሁሉ ይዞ አይወጣም፤ መጋዘን አለው። ቴሌግራምና ቲክቶክ ገበያው ናቸው። መጋዘኑን ግን ለብቻው መምረጥ አለባችሁ።

መጋዘኑ የሚሰጣችሁ ዋና ነገር አርኤስኤስ የሚባል ሊንክ ነው። አፕል ፖድካስትስ የእናንተን ድምፅ እሱ ጋ አያስቀምጥም። ሊንኩን አንዴ ትሰጡታላችሁ፣ አዲስ ክፍል በጫናችሁ ቁጥር ከሆስቲንጉ እያነበበ ለአድማጩ ያቀርባል። ሌሎቹ የፖድካስት አፖችም በአብዛኛው እንደዚሁ ናቸው። ጎግል ፖድካስትስ እ.ኤ.አ. በ2024 ሲዘጋ የራሳቸው ሊንክ የነበራቸው ሰዎች አንድ አፕ አጡ እንጂ ፕሮግራማቸው አልጠፋም። ስለዚህ ሆስቲንግ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው መውጣት ይቻል እንደሆነ ነው። መግባቱማ ለሁሉም ቀላል ነው።

ነጻው፦ ስፖቲፋይ ፎር ክሪኤተርስ

ድሮ አንከር ይባል የነበረው ነው። ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2019 ገዛው፣ ከዚያም ስሙን ሁለት ጊዜ ቀየረው። አይከፈልበትም፤ ስንት ሰዓት ጫናችሁ ብሎም አይቆጥርባችሁም። ባንክ ካርድም አይጠይቅም። ጅማ ላይ ለሚኖር ጀማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ጅማ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚወሩባት ከተማ ናት። ብዙ አዘጋጆች በሁለቱም መሥራት ይፈልጋሉ። የእኔ ምክር ሁለቱን ቋንቋዎች በአንድ ፕሮግራም ውስጥ እያቀያየሩ አለማቅረብ ነው። የፖድካስት አፖች ለአንድ ፕሮግራም አንድ ቋንቋ ነው የሚመዘግቡት። ግማሹን ክፍል የማይሰማ አድማጭም ቀስ በቀስ ይተዋችኋል። ሁለት ፕሮግራም ክፈቱ። ስፖቲፋይ ላይ ሁለተኛውን ለመክፈት ሳንቲም አታወጡም።

ጉድለቱ? ነገሩ ሁሉ ወደ ስፖቲፋይ አፕ ያዘነበለ ነው። የአርኤስኤሱ ሊንክ ራሱ ቅንብር (ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ ካልከፈታችሁት ዝግ ሊሆን ይችላል። ወደ አፕልም ራሳችሁ ወስዳችሁ ነው የምታስመዘግቡት። ይህን ሳያውቅ ወራት የሚቆይና “አይፎን የያዙ ጓደኞቼ ለምን አያገኙኝም?” የሚል አዘጋጅ ሞልቷል። ችግር ሲገጥማችሁም ፈጥኖ የሚመልስላችሁ ሰው አትጠብቁ። በነጻ ነው እኮ!

የሚከፈልባቸው፦ በዝስፕራውትና ፖድቢን

በዝስፕራውት ለጀማሪ ከሁሉም የሚቀል ይመስለኛል። ገጹ ንጹህ ነው፣ ወደየትኛው አፕ እንዴት እንደምትመዘገቡ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ግን ነጻው አማራጭ ወጥመድ አለው። በወር 2 ሰዓት ያስጭናል፣ የጫናችሁትን ግን ከ90 ቀን በኋላ ያነሳዋል። በየሳምንቱ ግማሽ ሰዓት የምትሠሩ ከሆነ 2 ሰዓቱ ልክ ይበቃችኋል። በአራተኛው ወር ግን የመጀመሪያው ክፍል የለም። ስለ ጅማ ታሪክ፣ ስለ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወይም ስለ ቡና አመራረት የሚሠራ ሰው ዋና ሀብቱ የቆየው ክፍል ነው። እንዲህ ላለ ሥራ ነጻው በዝስፕራውት መሞከሪያ ብቻ ነው። ብትከፍሉም ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ለየብቻ ነው የሚያስከፍለው። ሁለት ቋንቋ ካላችሁ ሁለት ሂሳብ ማለት ነው።

ፖድቢን ነጻው ላይ አያነሳባችሁም፤ ጠቅላላ 5 ሰዓት ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። ግማሽ ሰዓት በሆነ ክፍል ስታሰሉት 10 ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ወይ ትከፍላላችሁ ወይ የቀድሞውን ትሰርዛላችሁ። ገጹ የተጨናነቀ ነው፣ ለእኔ ብዙም አይጥመኝም። እንዲህ ያሉ ገደቦች ስለሚቀያየሩ ከመመዝገባችሁ በፊት የዋጋ ገጻቸውን እዩት።

የሁለቱም እውነተኛ ዋጋ ግን ዶላሩ ላይ የተጻፈው አይደለም። በቴሌብር አይከፈልም። በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ ያስፈልጋል፣ አብዛኛው ጀማሪ ደግሞ የለውም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር በየወሩ የምትከፍሉት ብር ከፍ ዝቅ ይላል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በካርዱ ሊከፍልላችሁ ይችላል። ዘመድ ግን ካርዱን ይቀይራል፣ ይረሳል። ክፍያው ሲቋረጥ ፕሮግራሙም አብሮ ይቆማል። እኔ ብሆን በሰው ካርድ ላይ የቆመ ሆስቲንግ አልይዝም። ድርጅት ካላችሁ፣ ወይም ወጪውን የሚሸፍን ፕሮጀክት ውስጥ ከሆናችሁ ግን በዝስፕራውት ዋጋውን ያወጣል።

ቴሌግራም፦ አድማጩ ያለበት

አሁን ወደ ገበያው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለ ተማሪ “ፖድካስትህን የት ላግኘው?” ሲላችሁ የአርኤስኤስ ሊንክ ብትሰጡት ግራ ይጋባል። የቴሌግራም ቻናል ስትሉት ወዲያው ይገባል። ቴሌግራም እስከ 2 ጂቢ የሚደርስ ፋይል ይቀበላል። ረጅም ድምፅ መሃል ላይ ብታቆሙት ያቆማችሁበትን ያስታውሳል። ፍጥነት መጨመር ይቻላል። ስክሪኑ ቢጠፋም መጫወቱን ይቀጥላል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዶ መንገድ ላይ መስማት ይቻላል። አንድ ሰው ወደ ጓደኞቹ ግሩፕ ሲልከው ያለ ምንም ወጪ ማስታወቂያ ሆነላችሁ።

ለስፖንሰርም ይመቻል። ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ካፌ ያለው ሰው ስለ ዳውንሎድ አቆጣጠር ቢነገረው አይገባውም፣ ቢገባውም አያምናችሁም። ቻናሉ ላይ ከዓይኗ ምልክት ጎን ያለውን ቁጥር ግን በራሱ ስልክ ያየዋል። እዚህ ላይ ራሳችሁን አታታልሉ፤ ያ ቁጥር ስንት ሰው እንዳየው እንጂ ስንት ሰው እንደሰማው አይናገርም። ወረድ ወረድ እያደረገ ያለፈም ይቆጠራል። ሰው የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚተዋችሁ ማወቅ ከፈለጋችሁ ስፖቲፋይ ይሻላል። መግቢያችሁ 3 ደቂቃ ሙሉ ሰላምታ ከሆነ እዚያ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ታዲያ ቴሌግራም ብቻ ለምን አይበቃም? በ2015 ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ አገር ውስጥ ተገድበው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ቪፒኤን የሌለው ሰው አይገባም ነበር። ሥራውን ሁሉ አንድ ቻናል ላይ ያደረገ አዘጋጅ አምስት ወር ያህል የአድማጩን ግማሽ ሲያጣ አስቡት። ሌላም ችግር አለ። አንድ ክፍል ላይ ስህተት ተገኝቶ ብታርሙት ቀድሞ የተላከው ቅጂ በየግሩፑ እንዳለ ይዞራል። ሆስቲንግ ላይ ግን ፋይሉን ቀይራችሁ ሊንኩ ያው ይሆናል።

ዩቲዩብ

እንግዳ ፊት ለፊት አስቀምጣችሁ የምታወሩ ከሆነ ዩቲዩብን አትዝለሉት። ውጭ አገር ያለ የጅማ ልጅ ስለ ከተማው ሲፈልግ የሚያገኛችሁ እዚያ ነው። ክፍሎቹን በአንድ ፕሌይሊስት ሰብስባችሁ “ፖድካስት” ብላችሁ ስትመዘግቡት ዩቲዩብ ሙዚክ ላይም ይወጣል። አዲስ አካውንት ስልክ ቁጥሩን እስኪያረጋግጥ ድረስ ከ15 ደቂቃ በላይ ቪዲዮ አይጭንም፣ ስለዚህ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ለአገር ውስጥ አድማጭ ግን ከባድ ነው። ፕሪሚየም የሚባለውን የዩቲዩብ ክፍያ የማይከፍል ሰው ስልኩን ሲቆልፍ ድምፁ ይቆማል። ቪዲዮው ዝቅ ባለ ጥራትም ቢሆን ከድምፅ ብዙ እጥፍ ዳታ ይበላል። ድምፁን ከአንድ ቆሚ ፎቶ ጋር አድርጎ መጫን ደግሞ ጊዜ ማባከን ይመስለኛል። ማንም ቆሚ ፎቶ እያየ ግማሽ ሰዓት አይቀመጥም።

ቲክቶክን ሆስቲንግ አድርጎ የሚያስብ የለም። የአንድ ደቂቃ ቅንጣቢ አውጡበት፣ የቴሌግራሙን ስም ፕሮፋይላችሁ ላይ ጻፉ፣ ሌላ ብዙ አትልፉ። የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብ ሬዲዮም ፋይላችሁን ሊያሰማ ፈቃደኛ ከሆነ እሺ በሉ። ስማርት ስልክ የሌለው አድማጭ የሚገኘው በሬዲዮ ነው።

የፋይሉ ክብደት

የትኛውንም ብትመርጡ ይህ ከምርጫው እኩል ይከብዳል። የ30 ደቂቃ ንግግር በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሆነ የድምፅ ጥራት ሲወጣ 29 ሜጋ ገደማ ነው። በሞኖ (ግራና ቀኙ ሳይለይ በአንድ መስመር) 64 ኪሎቢት ስታደርጉት 14 ሜጋ ተኩል ያህል ይሆናል። ለንግግር ጆሮ ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም። በፓኬጅ የሚኖር አድማጭ ግን ይለየዋል። ሙዚቃ የሚበዛበት ፕሮግራም ከሆነ ከፍ አድርጉት።

ለማን የቱ?

ብቻችሁን፣ ያለ በጀት የምትጀምሩ ከሆነ ስፖቲፋይን መጋዘን፣ ቴሌግራምን ገበያ አድርጉ። ሌላ አያስፈልግም። ቪዲዮ የመቅረጽ አቅም ካላችሁ ዩቲዩብን ጨምሩ፣ ግን ድምፁን ለብቻው መጫን አታቁሙ። የተቋም በጀትና አስተማማኝ ካርድ ካለ በዝስፕራውትን ክፈሉ። ፖድቢንን የምመክረው ከ10 ክፍል ያልበለጠ አጭር ተከታታይ ለሚሠራ ሰው ብቻ ነው።

ስትመዘገቡ የግል ኢሜይላችሁን አትጠቀሙ። አርኤስኤሱ ላይ የሚገባው ኢሜይል ለማንም ሊታይ ይችላል፣ ፕሮግራሙ የእናንተ መሆኑን ለማረጋገጥ የሚላከው ኮድም ወደዚያው ነው የሚመጣው። ለፕሮግራሙ ብቻ አንድ ኢሜይል ክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉን ከአንድ ሰው በላይ ይወቀው። የሽፋን ምስሉን በ3000 በ3000 ፒክስል አሠሩት፤ አፕል ከ1400 በታች አይቀበልም። ርዕሱን በአማርኛ ጽፋችሁ መግለጫው ውስጥ በላቲን ፊደልም ድገሙት፣ ብዙ ሰው ስልኩ ላይ የሚፈልገው በላቲን ስለሆነ። ወደፊት ሆስቲንግ ብትቀይሩ ደግሞ የድሮውን ሊንክ ወደ አዲሱ ማዞርን አትርሱ። ስፖቲፋይም በዝስፕራውትም ይህን ይፈቅዳሉ። የድሮውን አካውንት የምትዘጉት አድማጮቹ ወደ አዲሱ መዞራቸውን ካያችሁ በኋላ ነው።