«የራስሽ ስብ ስለሆነ አይጎዳሽም» ለሚሉ የኤም ኤስ ክሊኒኮች ቀብድ እንዳትከፍሉ

አሜሪካ ያላችሁ፣ ራሳችሁ ወይም ቤተሰባችሁ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ የሚባለው፣ አንጎልንና ህብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ በሽታ) ያለበት፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትልኩ።

የአክስቴ ልጅ ዕቁቧን አስቀድመው እንዲሰጧት ስትለማመጥ ነው ነገሩን የሰማሁት። አንድ ክሊኒክ ከሆዷ ስብ መጥጦ፣ በኢንዛይም ፈትቶ፣ ስቴም ሴሉን (ወደ ሌላ ዓይነት ህዋስ መለወጥ የሚችለውን ህዋስ) በማሽን ለይቶ በዚያው ቀን በደም ሥሯ ሊመልስላት ነው። ኢንሹራንስ ስለማይሸፍነው ብዙ ሺህ ዶላር በቅድሚያ ይከፈላል። ስትፈራ የሰጧት መልስ አንድ ነው፦ ከራስሽ የወጣ ነገር ምን ያደርግሻል?

ምን እንደሚያደርግማ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 ፍሎሪዳ ውስጥ ሦስት ሴቶች ከገዛ ስባቸው የተዘጋጀ ህዋስ ዓይናቸው ውስጥ ተወጉ። ሁለቱንም ዓይን በአንድ ቀን! ለዚህም እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ከፍለዋል። አንዷ ጨርሶ ታወረች፣ የሌሎቹም እይታ ክፉኛ ተጎዳ። ታሪካቸው በ2017 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጥቷል። በደም ሥር መስጠትና ዓይን ውስጥ መውጋት አንድ ባይሆንም፣ «የራስሽ ነው» የሚለው ማባበያ ግን ያው ነው።

የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍ ዲ ኤ እንዲህ የተቀነባበረ ስብ መድኃኒት ነው፣ ፈቃድ ያስፈልገዋል ይላል። የፍሎሪዳውን ክሊኒክ በ2019 ፍርድ ቤት ረታው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ በተመሳሳይ ክሊኒክ ላይ ባቀረበው ክስ መጀመሪያ ቢሸነፍም በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፈረደለት። ለኤም ኤስ የጸደቀ የስብ ህክምና እስካሁን የለም።

«የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ተመዝግበናል» ቢሏችሁም አትዘናጉ። ክሊኒካል ትራያልስ የሚባለው የህክምና ጥናቶች መዝገብ ላይ መውጣት ፈቃድ ማግኘት አይደለም፤ ከሦስቱ ሴቶችም ጥናት መስሏቸው ከዚያው መዝገብ ያገኙት ነበሩ። እውነተኛ ጥናት አብዛኛውን ጊዜ ለሚሞከርባችሁ ነገር አያስከፍላችሁም።

የሚያሳዩዋችሁ ቪዲዮ ላይ «ተሻለን» የሚሉት ሰዎች ውሸታም ናቸው አልልም። ኤም ኤስ ብዙ ሰው ላይ እየተነሳ የሚበርድ በሽታ ነው፤ ሲበርድ ምስጋናው ለመርፌው ይሆናል።

በሆስፒታል ከኬሞቴራፒ ጋር የሚሰጠው የደም ስቴም ሴል ንቅለ ተከላ ሌላ ነገር ነው፤ ስለሱ የነርቭ ሐኪማችሁን ጠይቁ። የያዛችሁትን መድኃኒት ግን ለማንም ክሊኒክ ብላችሁ አታቋርጡ። ተወግታችሁ ጉዳት የደረሰባችሁ ካላችሁ ሜድዎች በሚባለው የኤፍ ዲ ኤ ማሳወቂያ በኩል ሪፖርት አድርጉ።